ፍርሃት ከተማን እንደሚያፈርስ

ሰው ፊደል የቆጠረና ሥርዓት የተማረ ሲሆን ጭካኔ ከእርሱ የራቀ ይመስለዋል። ይህን አሳብ ለመመርመር የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተመውን፥ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን «ልብ ወለድ ታሪክ» እንመልከት፤ ይኸውም በኋላ «ጦቢያ» የተባለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በአረማዊ ንጉሥ ሠራዊት ድል ሆኖ ተማረከ። አንድ የማያውቀው ነጋዴ ግን አዝኖለት በገንዘቡ ዋጅቶ ነጻ አወጣው። ልጁ ዋሕድ ይህን ባለ ውለታ ሊፈልግ ወጥቶ እርሱ ራሱ ለባርነት ተሸጠ፤ እኅቱ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ወጣች። በመጨረሻው አረማዊው ንጉሥ አምኖ ጦቢያን ያገባል። ይህ ደስታ እጅግ ፈጥኖ የመጣ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ደራሲው አንዱን ነገር በእውነት አይቶታል፤ ጦር ባለፈበት አገር ትናንት የአለቃ ልጅ የነበረው ዛሬ በገበያ ዋጋ ይቆረጥለታል።

የማልቀበለው ግን ጥፋቱ ከወዲያኛው ወገን፥ ከአረማውያን ብቻ የሚመጣ መምሰሉን ነው። ከቀሐ ወንዝ ዳር፥ ከፋሲል መዋኛ ተነሥተህ ወደ ጎንደር ብትወጣ ሌላ ምስክር ታገኛለህ። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ያደረጋት፥ የሊቃውንትና የጸሐፊዎች ከተማ በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ ያቃጠላትም አረማዊ አልነበረም፤ የተጠመቀ፥ በገዳም የተማረ ንጉሥ ቴዎድሮስ ነበረ እንጂ። ይኸው ንጉሥ በ1847 ዓ.ም. ነግሦ ዘረፋን የከለከለ፥ ገበሬው ወደ እርሻው ነጋዴውም ወደ ንግዱ ይመለስ ብሎ ያወጀ ነው።

ታዲያ እጁ ስለ ምን ተለወጠ? አገሩ ከእጁ እያመለጠ ሄደ፤ ዓመፀኛው በዛ፤ የከተማው ሰውም ሁሉ የጠላት ወገን ሆኖ ታየው። የፈራ ሰው በደለኛውን ከንጹሑ ለይቶ አይመረምርም። ንጉሡ ዓመፀኛውን ፈራ፤ ወታደሩም ንጉሡን ፈራ፤ እንዲህም ሆኖ ማዕተብ ያሰሩ እጆች በቤተ ክርስቲያን ክዳን ላይ እሳት ለኰሱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሌላ ቀን ያንኑ ደጅ ተሳልመው የሚያልፉ ነበሩ።

ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሣር ውኃ ድል አድርገው ጎንደርን ባጠፉና ብዙ ሰው ማርከው በወሰዱ ጊዜ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ስለዚያ ዘመን የጎንደር ሰው «ጠላት ከውጭ መጣብን» ሊል ይችላል። ከዚያ 21 ዓመት በፊት ስለ ሆነው ግን ምን ይላል?

ተማሪ ሆይ፤ ነጋዴውን ደግመህ ተመልከት። እርሱም በዚያው አገር፥ በዚያው አደጋ መካከል የሚመላለስ ነበረ፤ ገንዘቡንም ለራሱ ነፍስ ቤዛ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። የምርኮኛው ፊት አሳዘነው፤ ከፈለ። ጦር ያየ ሰው ሁሉ አውሬ ይሆናል የሚሉ ሰዎች ይህን ምን ያደርጉታል? ፍርሃት በሁሉ ላይ ይመጣል፤ ችቦውን ግን ሁሉ አያነሣም።

ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወሰደ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ይዘው ከእነርሱ ብዙዎቹን ወሰዱ፤ እነዚያም የጎንደር ጸሐፊዎች በእጃቸው የጻፉአቸው ብራናዎች እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ።