ኮዱ ከሳሽ እንጂ ዳኛ አይደለም

(ይጁቤ። አንድ ወጣት የሚኒባስ ሹፌር በጋራዥ ሥራ ያረጁ መካኒክን ይጠይቃል።)

ሹፌር፦ ጋሼ፣ የአባዱላዬ ክሩስኮት ላይ የሞተር መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። ደብረ ማርቆስ በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0401 አለ። «የኢጂአር ሴንሰር ቀይር» ተባልሁ። ልግዛ?

ጋሼ፦ ኮዱ ከሳሽ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ለመሆኑ ክሱን ሰምተኸዋል? ፒ0401 ማለት «ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ አነሰ» ነው። ሴንሰሩን በስሙ የሚጠሩት ፒ0405 እና ፒ0406 ናቸው፤ አንዱ ሲግናሉ ከልክ በታች ሲወርድ፣ ሌላው ከልክ በላይ ሲወጣ።

ሹፌር፦ ጭሱ መመለሱ ራሱ ምን ይረባል?

ጋሼ፦ ሲሊንደር ውስጥ ሙቀት ሲያይል የአየሩ ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ትንሽ የተቃጠለ ጭስ ሲቀላቀልበት ኦክስጅኑ ይቀንስና ሙቀቱ ይበርዳል። ጭሱን የሚያሳልፈው የኢጂአር ቫልቩ ነው፤ ሴንሰሩ ቫልቩ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ሞተሩ ጉልበት ሲጠየቅ ግን ቫልቩ ይዘጋል።

ሹፌር፦ የእኔዋ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ጥቁር ታጨሳለች፣ ጉልበትም የላት።

ጋሼ፦ ይኼ ከክሱ ጋር አይገጥምም። የሚመለስ ጭስ በማነሱ ጥቁር ጭስ አይበዛም፤ ጥቁር ጭስ ናፍጣው አየር ሲያጥረው ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፤ የደጋችን አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የበጋ አቧራ ፊልትሮውን ሲደፍነው ደግሞ ይብሳል። እሱን አስቀድም፣ ከዚያ የቱርቦውን ቱቦ እይ። ቀጥለህ የአየር ማስገቢያውን አስፈታ። ጥላሸት ከጋገረበት የሚገባውን አየርም የሚመለሰውን ጭስም ያንቃል፤ ያኔ ክሱና ጥቁር ጭሱ አንድ ምክንያት አገኙ ማለት ነው።

ሹፌር፦ ሴንሰሩስ ነጻ ነው?

ጋሼ፦ ሳይመረመር አይለቀቅም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሶኬቱን ንቀል፤ ቁልፉን አዙር፣ አታስነሳ። በቴስተር ስትለካ ከሴንሰሩ ሦስት ሽቦዎች አንዱ 5 ቮልት ያመጣል፣ አንዱ ማሳ ነው፣ ሦስተኛው ሲግናል። 5 ቮልቱ ወይም ማሳው ከሌለ ሴንሰሩን አትውቀስ፤ ሽቦውን ተከተል። ካሉ፣ ሶኬቱን መልሰህ ሲግናሉን ለካ፦ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ብዙውን ጊዜ 1 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሲከፈት ሳይዘልና ሳይቆራረጥ መጨመር አለበት። ከተቆራረጠ ሴንሰሩ አልቋል።

ሹፌር፦ ቫልቩን በጣቴ ገፍቼ ልክፈተው?

ጋሼ፦ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን በግድ አትግፋ፣ ጥርሱ ይሰበራል። ኮምፒውተር ያለው ልጅ በመሣሪያው ይክፈተው።

ሹፌር፦ «በላሜራ ድፈነው» የሚሉኝም አሉ።

ጋሼ፦ ከደፈንኸው የሚመለስ ጭስ የለም፤ ፒ0401ን ራስህ ጠራኸው ማለት ነው። መርዙም ለመንገደኛው ይተርፋል።

ሹፌር፦ እንግዲያ ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ሲግናሉ ከተቆራረጠ ግዛ። ካልተቆራረጠ ጥላሸቱን አስጠርግ፣ ኮዱን አስጠፋ፣ ጭነህ ያንኑ ዳገት ውጣ። መብራቱ ዳግም ከበራ አዲሱን ኮድ ይዘህ ና። ፒ0401 ከሆነ መተላለፊያው ገና አልጸዳም፤ ፒ0405 ወይም ፒ0406 ከሆነ ግን መጀመሪያ የምናየው ስትመልሰው ያላጠበቅኸውን ሶኬት ነው።