ደግመሽ ለኪው

ልጄ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የኮምቦልቻ ስፌት ሠራተኞችን የእጅ ነርቭ በዲፍዩዥን ኤም አር አይ ልታዪ እንዳሰብሽ እናትሽ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ነርቭ በጣቴ ስዳብስ ነው፤ ማሽኑን የማውቀው በንባብ ብቻ ነው። ቢሆንም ያንቺም የኔም ጥያቄ አንድ ነው፦ ዛሬ የለካሽው ቁጥር ነገ ያንኑ ሰው ስትለኪ ይገኛል ወይ?

1. ማሽኑ የሚያየው ነርቩን ሳይሆን የውሃ እንቅስቃሴን ነው። በሰው ገላ ውስጥ ያለች የውሃ ቅንጣት አርፋ አትቀመጥም። በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ያህል ትዋልላለች፤ ይህም ከአንድ የነርቭ ክር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ርቀት ነው። በክሩ ርዝመት መንገዱ ክፍት ነው፤ ወደ ጎን ግን ማይሊኑና ሽፋኑ ያግዷታል። ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን የአቅጣጫ ልዩነት በሂሳብ ቀመሩት፤ እናንተ ኤፍ ኤ የምትሉት፣ ከ0 እስከ 1 የሚሄደው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ምክንያቱ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ የማይሊን መጎዳት ወይም የክሩ መሞት ሊሆን ይችላል፤ ታማሚዋ እጇን ስላንቀሳቀሰችም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ አይነግርሽም። ምልክቱ ሲደክም ደግሞ የምስሉ ጫጫታ ብቻውን ኤፍ ኤውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

2. ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት በወረቀት አስሊ። ሚዲያን ነርቭ እጅ አንጓ ላይ 10 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። የምስልሽ ነጥብ በየጎኑ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ አንዱ ነጥብ 2.25 ካሬ ሚሊሜትር ይይዛል። እንግዲህ ያ ሁሉ ነርቭ አምስት ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹ ነጥቦችም ጠርዝ ላይ የሚያርፉ፣ ከነርቩ ጋር ስብና ጅማት የተቀላቀለባቸው ናቸው። የምትከቢውን ክብ በአንድ ነጥብ ወደ ጎን ብትገፊው ቁጥሩ ይቀየራል። የስቡ ምልክት በደንብ ካልታፈነም ከቦታው ተንሸራቶ ነርቩ ላይ ይወድቃል። ስለ አስተማማኝነት የሚነሣው ክርክር ግማሹ እዚህች አምስት የማትሞላ ነጥብ ላይ ነው።

3. ብርዱን አትናቂ። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ነፋስ መትቷት የገባች ሴት እጇ ቀዝቃዛ ነው፤ ኮምቦልቻ ግን ቆላ ቀመስ ስለሆነ ከዚያ የመጣችው እጇ ሞቃት ነው። የውሃ እንቅስቃሴ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይለዋወጣል። ኤፍ ኤ የንጽጽር ቁጥር ስለሆነ ብዙም አይነካውም፤ አማካይ ዲፍዩዥን ግን ይነካል። እጇን አሙቂላት፣ የቆዳዋን ሙቀት ለኪ፣ መዝግቢ።

4. "ደግሜ ለካሁ" ስትዪ ምን እንደደገምሽ ተናገሪ። ያንኑ ምስል ሁለቴ ማንበብ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያምር ውጤት ይሰጣል። ታማሚዋን ከማሽኑ አውርዶ እንደገና ማስተኛት ሌላ ነው፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ አንባቢ፣ በሌላ ፋብሪካ ማሽን ደግሞ እንደገና ሌላ ነው። ከውጭ መጽሔት ላይ የጤነኛ ሰው ቁጥር ወስደሽ የወሎን ሰው አትመዝኚበት። ኤፍ ኤ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳልና በዕድሜ የሚመጥኑ ጤነኞችን በዚያው ማሽን ለኪ።

5. ብላንድና አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 ላንሴት ላይ ያወጡትን ጽሑፍ ሳታነብቢ ስታቲስቲክስ አትጀምሪ። ሁለት ልኬቶች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸው ተስማምተዋል ማለት አይደለም። ሁላችሁም የምትወዱት የአስተማማኝነት መለኪያ፣ የአይ ሲ ሲ ቁጥር፣ ጤነኛና በጣም የታመመ ሰው ስትቀላቅዪ በራሱ ያድጋል፤ መሣሪያው አልተሻሻለም፣ ሰዎቹ ተራራቁ እንጂ። እኔ የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ አንዲት ሰው ሳትለወጥ ቁጥሯ በስንት ይዋዥቃል? ለምሳሌ የአንድ ሰው የውስጥ መዋዠቅ 0.03 ቢሆን፣ በ2.77 ስታባዢው 0.08 ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ያነሰ ለውጥ ከመዋዠቅ አይለይም። እንግዲህ ከሕክምና በኋላ 0.50 የነበረው 0.55 ሆነ ብለሽ "ተሻላት" ብትዪኝ አልሰማሽም።

6. በጣት የሚለካ እንዴት እንደሚደገም ለማየት ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂጂ። የታሪክ ሰው ቦታውን የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት በተደረገው ጉባኤ ነው፤ እኛ የጤና ሰዎች ደግሞ በሥጋ ደዌ ሕክምናው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ስለዚህ ለቆዳ የቀረበውን ነርቭ ይይዛል፦ ክርን አጠገብ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንገት ላይ። የወፈረ ነርቭ፣ ከስሜት ማጣት ወይም ከጡንቻ መድከም ጋር፣ ዛሬም ከበሽታው ዋና መለያዎች አንዱ ነው። የሚለካው በጣት ነው፤ ጣት ደግሞ እንደ ሰውየው ይለያያል። መፍትሔው ግራና ቀኙን ማነጻጸር፣ ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን መልስ ሳይሰማ እንዲዳብስ ማድረግ፣ ዓይን አስጨፍኖ በናይሎን ክር ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ ስሜትን መፈተሽ፣ ከዚያም በየጊዜው መድገም ነው። የአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ማዕከል አለርት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ 594 አዳዲስ ታማሚዎችን ለዓመታት የተከታተለው በዚህ ዓይነት ፍተሻ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭ ሳያምም ሊሞት ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ፕሬድኒሶሎን ሊያድነው ይችላል፤ ካመለጠ ግን አለቀ። ያንቺ ማሽን ይህን ቀድሞ የሚያይ ከሆነ እሰየው፤ ግን መጀመሪያ ልኬቱ ከእነዚያ ጣቶች እኩል የሚደገም ይሁን። የቦሩ ሜዳ ሠራተኞች ዘንድ ተቀምጠሽ ዳብሺ፣ ራዲዮሎጂስት ነኝ ብለሽ አትኩሪ።

7. የምስል አንባቢዎችሽ የምርመራውን ውጤት አይወቁ። የታመመችው የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ክቡን ሲከብ እጁ ወደሚጠብቀው ቁጥር ያደላል። ሆን ብሎ አይደለም።

8. በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጥይት ወይም ፍንጣሪ የመታውን ሰው ሳትጠይቂ አታስገቢ። ብረት ካለው አደጋ ነው፤ አደጋ ባይሆን እንኳ በዙሪያው ያለውን ምስል ያጣምመዋል። ከጠረጠርሽ አስቀድመሽ ኤክስሬይ አስነሺው።

9. የስፌት ሠራተኛዋን ቀን አስቢ። ደግመሽ መለካት ለአንቺ ሥነ ዘዴ ነው፤ ለእሷ የጎደለ ፈረቃ ነው። ከመጀመሪያው ሁለቴ እንደምትመጣ ንገሪያት፣ ትራንስፖርቷንና የቀን ገቢዋን በበጀትሽ ያዢ፣ የዕረፍት ቀኗን ምረጪ። ለሁለተኛው ቀን የማትመጣው ብዙ ጊዜ በጣም ያመማት ናት፤ እሷ ስትቀር ደግሞ ያንቺ ጥናት የሚለካው ጤነኞቹን ብቻ ይሆናል። ፕሮፖዛሉን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ በጀቱን ከሁሉ አስቀድሜ ነው የማነበው።