በዋግ መንገድ የሌሊት ማደሪያ ስለ ማግኘት

ከወልድያ ወይም ከደሴ ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም ወደ አምደወርቅ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ የጭነቱን ኪራይና የነዳጁን ዋጋ ከመነሣቱ በፊት አስልቶ ይይዛል። ሰዎቹና ንብረቱ የት እንደሚያድሩ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይቀርና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመንገድ ላይ የሚፈለግ ነገር ይሆናል። ነገሩ ለሾፌርና ለረዳት የሚተው ቢመስልም፣ መዝገብ የሚይዘውንና ዋጋ የሚቈርጠውንም ሰው ይመለከታል።

«ምዕራፍ» የሚለው የግእዝ ቃል ማረፊያ ማለት ነው። የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎችም የመንገዱን ርዝመት የሚቈጥሩት በማረፊያ ነበር፤ ስንት ቀን ይሄዳል፣ ስንት ሌሊትስ ይታደራል ብለው ይጠይቃሉ። ሰቆጣ በዚያ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ረባዳ ምድር የሚቈረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል ወደ ደጋው ወጥቶ በሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ መካከለኛው አገር ይሄድ ነበር። በ1520 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ አገራችን መጥቶ ስድስት ዓመት የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አሞሌ የጻፈው ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ጨዉ ከሚወጣበት ስፍራ አጠገብ በአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ሲገዛ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ቍጥሩ እየቀነሰ ሄዶ፣ በንጉሡ ከተማ 6 ወይም 7 ብቻ ይገዛ እንደ ነበር ይናገራል። በዚህ ታላቅ ልዩነት ውስጥ ቀረጥ አለ፣ የአጋሰስ ድካም አለ፣ ትርፍም አለ። በየመንገዱ የታደሩት ሌሊቶችም በዚያው ዋጋ ውስጥ ገብተዋል።

በሌላው ዓለም ይህን የሌሊት ወጪ መንግሥትና ባለጸጎች በከፊል ይሸከሙት ነበር። በቱርክ አገር የሰልጁቅ ነገሥታት በነጋዴው መንገድ ላይ የአንድ ቀን ጉዞ እየተለካ በድንጋይ የታነጹ ማደሪያዎችን ሠርተዋል፤ በ1229 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተሠራው ሱልጣን ሐን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ዛፍ በሌለበት በሰፊው የሞንጎል ሜዳም የመንግሥት መልእክተኛ ፈረስ የሚለውጥበትና የሚያርፍበት «ያም» የሚባል ጣቢያ ነበረ። በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ሕንጻ በየመንገዱ ስላልተሠራ፣ መንገደኛን የማሳደር ግዴታ በየጎጆው ላይ ወደቀ። የመሸበት ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ በትሩን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነንና አሳድሩን» ይላል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» የሚል መልስ ይመጣል። እንጀራንና መኝታን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፣ በአዲስ አበባ እንኳ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ ለሰው እንግዳ ነገር ሆኖበት ነበር። (በሰሜን አሁንም ለአልጋ ክፍል የምንለው «ቤርጎ» ከኢጣልያኖች «አልቤርጎ» የመጣ ነው፤ ነገሩ ቆይቶ ስለ መጣ ስሙም ከውጭ መጣ።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የእግዚአብሔር እንግዳ የሚባለው ሳያስበው የመሸበት ሰው ነው። ሁለት ኵንታል ስኳር ጭኖ፣ ሦስት ሰው አስከትሎ፣ «ከመንገድ ዳር ካለ ገበሬ ቤት እናድራለን» ብሎ ከቤቱ አስቦ የተነሣ ነጋዴ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባውም፤ የንግዱን ወጪ በድኻ ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ዋግ ድርቅ የሚመላለስበት አገር መሆኑ ይታወቃል። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ክፉኛ የጐዳው ይህንኑ ሕዝብ ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ በደረሰ ጊዜም ከቤቱ የተፈናቀለው ብዙ ነበር። የቤቱ እመቤት ግን እንግዳ ጦሙን ከሚያድር ከጎረቤት ዱቄት ተበድራ እንጀራ ታቀርባለች። እንግዳው ጠዋት አመስግኖ ሲሄድ ብድሩ በእርሷ ላይ ይቀራል።

የቀድሞ ነጋዴዎች ይህን ስለሚያውቁ ብዙውን ጊዜ በሜዳ ይሰፍሩ ነበር። ጭነቱን በክብ ደርድረው ከብቱን በመካከል ያስሩና፣ እሳት አንድደው በየተራ ይጠብቃሉ፤ ስንቃቸውም በሶና ዳቦ ቆሎ በአቅማዳ ነው። የራስን ስንቅ መያዝ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ እስላሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ፣ ማንም ሳይቸገር በየማዕዱ ይቀመጣል። በቤት የሚያድሩም ከሆነ በየምዕራፉ የታወቀ ወዳጅ ይኖራቸዋል፤ ለእርሱም ሲመጡም ሲመለሱም አሞሌ ያበረክታሉ።

ዛሬም በገጠር ማደር ግድ ሲሆን ሥርዓቱ ከዚህ አይርቅም። ከመጨለሙ ሁለት ሰዓት በፊት ወደ መንደሩ መድረስ፣ አስቀድሞ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ወይም ለሚታወቅ ሽማግሌ መታየት፣ የነዋሪነት መታወቂያንና የንግድ ፈቃድን ሳይጠየቁ ማሳየት ይገባል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ከማያውቀው መኪና ቢጠነቀቅ አያስወቅሰውም። በብዙው የገጠር ክፍል ኽምጣኛ ስለሚነገር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ከሾፌሩ አጠገብ ቢቀመጥ እጅግ ይጠቅማል። ስንቁን ከመኪናው አውርዶ ለእመቤቲቱ አስቀድሞ ማስረከብ፣ ጠዋትም ገንዘብ አልቀበልም ብትል ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ትቶ መሄድ ነው። ገንዘቡን በልጆች እጅ ማስያዝ የተለመደ ዘዴ ነው፤ እኔ ግን ለሽማግሌው «አባቴ፣ ይህ የጌታዬ የንግድ ወጪ ነው» ብሎ በግልጥ መስጠትን እመርጣለሁ፤ እንዲህ ሲባል የሚቀየም አልገጠመኝም።

የስፍራውም ምርጫ ቀላል አይደለም። ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ወባም አለበት። ስለዚህ መንገዱ ሲከፈል ሌሊቱ በደጋ ላይ እንዲውል ማድረግ ይሻላል፤ ቆላውን በቀን ማቋረጥ ነው። ለስላሳ አሸዋ አለው ተብሎ በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና ማቆም ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ዝናቡ በሩቅ ተራራ ዘንቦ ጎርፉ ሰማይ በጠራበት ስፍራ ይደርሳል።

በሰቆጣና በአምደወርቅ ከተማ አልጋ ይገኛል፤ ነገር ግን በገበያ ዋዜማ ከየወረዳው የሚመጣው ሰው ስለሚይዘው በስልክ ማስያዝ ያሻል። አምደወርቅ ከሰቆጣ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች የደሃና ወረዳ ከተማ ናት፤ ሰቆጣ ላይ አልጋ ያጣ ሾፌር «እዚያ አገኛለሁ» ብሎ በሌሊት ሲነዳ ንብረትም ሕይወትም ለአደጋ ይጋለጣል። አልጋ ሲጠየቅ ከክፍሉ ንጽሕና በፊት መኪና የሚያስገባ ግቢ፣ ዘበኛና ውኃ መኖሩ ይጠየቅ።

እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት ቤት ከዋግ ፍየልና ማር ያስመጣል። ማር ታሽጎ ያድራል፤ ፍየል ግን ውኃና በረት ካላገኘ በአንድ ሌሊት ይከሳል፤ በገበያም የሚሸጠው ሥጋው ነው። ስለዚህ በመዝገባችን ለማደሪያ ብቻ የሚሆን ገጽ አለ፤ አልጋ፣ በረት፣ ዘበኛና መኖ በየዓምዱ ይገባሉ። ትናንሽ ማደሪያዎች የታተመ ደረሰኝ ላይሰጡ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ቀኑን፣ የመንደሩን ስም፣ የተከፈለውን ልክ ጽፎ ተቀባዩን ማስፈረም ነው። ይህ ወረቀት በግብር ስሌት ጊዜ እንደ ሕጋዊ ደረሰኝ ላይቈጠር ይችላል፤ ዋጋ ለመቍረጥ ግን የግድ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 60 ፍየሎች ሁለት ሌሊት አድረው ወጪው በጠቅላላ 6,000 ብር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ፍየል ላይ 100 ብር ይጨመራል። መንገድ ተዘግቶ አንድ ሌሊት ቢጨመር 150 ብር ይደርሳል። ስለዚህ በቤታችን ደንብ መሠረት፣ ሾፌሩ የመጨረሻውን ማደሪያ በስልክ ሳያስታውቅ ከገዢ ጋር ዋጋ አይቈረጥም።