የቤትን ሽቦ አልባ ኔትዎርክ ጽኑና ምስጢሩ የተጠበቀ አድርጎ ስለ መያዝ

ከቡታጅራ ወደ መርካቶ በርበሬ የሚልክ ነጋዴም ሆነ በወልቂጤ ከተማ ሱቅ ከፍቶ የሚሸጥ ሰው ከገዢው ጋር የሚተሳሰብበት ዋና መሣሪያ ስልክ እየሆነ መጥቷል። ይህም ልማድ በተለይ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ እየሰፋ ሄዷል። ስለዚህ ገዢው ቆሞ ሲጠብቅ ዋይፋዩ ቢቋረጥ ገበያው ይታጎላል፤ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉዳት ይደርሳል። ሁለቱም በጥቂት ጥንቃቄ ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ናቸው።

አንደኛ፤ ምክንያቱን ለይቶ ስለ ማወቅ። ጉድለቱ የሚገኘው ወደ ቤቱ በሚመጣው መሥመር ወይም በቤቱ ውስጥ በሚሠራጨው ሞገድ ነው። ይህን ለመለየት ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር ማያያዝ ይበቃል። በገመድ በደህና ከሠራ ጉድለቱ በሞገዱ ነው፤ በገመድም ካልሠራ ራውተሩን አጥፍቶ እንደገና ማብራት፣ ካልተመለሰም ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ማመልከት ይገባል።

ሁለተኛ፤ ስለ ራውተሩ ስፍራ። ሱቁ ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ በሆነበት ቤት የብረት መዝጊያና የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገዱን ይመልሱታል። ስለዚህ ራውተሩ ከብረት ርቆ፣ በቤቱ መካከል፣ ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጎረቤት በተጠጋጋበት ሠፈር ይጨናነቃል። ስለዚህ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 መካከል ጥቂት ሰው የሚጠቀምበትን መምረጥ ነው። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋልና ለቅርብ ክፍል ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ስለ መብራት። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ከሶኬት መንቀል፣ ኃይሉ ተመልሶ ከረጋ በኋላ መሰካት ዕቃውን ከቃጠሎ ያድነዋል። አነስተኛ ባትሪ የሚገዛ ሰው በራውተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት አስቀድሞ ይመልከት፤ የማይስማማ ባትሪ ራውተሩን ያበላሻልና።

አራተኛ፤ ስለ ቁልፉ። ራውተር ሁለት የይለፍ ቃል አለው፤ አንዱ የዋይፋዩ፣ ሁለተኛው የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሲለውጥ ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደ መጣ ይተወዋል። በዚያ የገባ ክፉ ሰው ባለቤቱን ወደ ሐሰተኛ የባንክ ገጽ ሊመራው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ይለወጡ፤ ከ12 ፊደል አይነሱ፤ የሱቅ ስም ወይም የስልክ ቁጥርም አይሁኑ። ደብልዩ-ኢ-ፒ የተባለው አሮጌ መቈለፊያ በ2001 እ.ኤ.አ. ደካማነቱ ስለ ተገለጠ አይመረጥም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብልዩ-ፒ-ኤ 2 ወይም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብልዩ-ፒ-ኤ 3 ይመረጥ። ለደንበኞች የእንግዳ ኔትዎርክ ለብቻው ይከፈት፤ ሠራተኛ ሲሰናበትም ቁልፉ ይለወጥ።

ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኔትዎርክ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ሆኖም ሕጉ የሚደርሰው ጉዳቱ ከተፈጸመ በኋላ ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አስተዋይ ነጋዴ ሒሳቡን በሚዘጋበት በወሩ መጨረሻ ቀን ከራውተሩ ጋር የተያያዙትን ስልኮች ዝርዝር መርምሮ የማያውቀውን ያስወጣል።