መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ውሃ፣ መብራት በመጨረሻ

ውሃና መብራት እንደማይስማሙ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። ስለዚህ አንድ ሰው በውድ ዋጋ የገዛውን ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ በውሃ ቱቦ ሲያገናኝ ያየ ሁሉ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሆኖም በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር የትናንት ፈጠራ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1980 ያስተዋወቀው 3081 የተባለው ግዙፍ ኮምፒውተር ሙቀቱን የሚያስወግደው በውሃ ነበር። ዛሬ ያው አሠራር ጠረጴዛ ሥር በሚቀመጥ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ሥራውን ከስጋት የሚያወጣው ቅደም ተከተሉ ነው፦ የተገጣጠመው መስመር መጀመሪያ በአየር ይፈተናል፣ ቀጥሎ በውሃ፤ ማዘርቦርዱ መብራት የሚያገኘው ሁለቱንም ፈተና ካለፈ በኋላ ብቻ ነው።

ውሃ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ እስኪሞቅ የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ሊትር አየር ከሚወስደው ከ3000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ አር.ቲ.ኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 450 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ 150 ዋት ቢጨምርበት 600 ዋት ሙቀት ከአንድ ሳጥን መውጣት አለበት ማለት ነው። ለቢሮ ሥራ፣ ለትምህርትና ለተራ ጨዋታ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ስለሆነ ለዚህ ወጪና ድካም መግባት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ግን የሕንፃ ዲዛይን ለሰዓታት ሬንደር የሚያደርግ አርክቴክት፣ ወይም ድምፅ በሚቀረጽበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ የቪዲዮ አቀናባሪ ከዚህ ሥራ እውነተኛ ጥቅም ያገኛል፤ ማሽኑ ሙሉ ኃይሉን እየተጠቀመ ፋኖቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ።

ውሃው የሚሄድበት መንገድ ቀላል ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ ይወርዳል፤ ፓምፑ ደግሞ ወደ ዋተር ብሎኮቹ ይገፋዋል። ዋተር ብሎክ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚታሰር፣ በውስጡ ከአንድ ሚሊሜትር የጠበቡ ቦዮች የተፈለፈሉበት የመዳብ ሰሌዳ ነው። ውሃው እዚያ ሙቀቱን ይቀበልና ወደ ራዲያተሩ ሄዶ በፋን ቀዝቅዞ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ጀማሪዎች አብዝተው የሚጨነቁት ከብሎኮቹ የትኛው ይቅደም በሚለው ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ጭንቀቱ ይቀላል። በሰዓት 200 ሊትር የሚዘዋወር ውሃ ያንን 600 ዋት በሙሉ ተሸክሞ ሲወጣ፣ ሲገባ ከነበረው ሙቀት የሚጨምረው 2 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱቦው አጭርና የማይታጠፍ በሚሆንበት ቅደም ተከተል አገናኙት። የማይጣሰው ሕግ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ ቀድሞ፣ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። የፓምፑን መዞሪያ የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም የሚያልፍበት ውሃ ስለሆነ፣ በደረቁ ከዞረ ራሱን ይበላል። ከመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ደግሞ የማፍሰሻ ቧንቧ አስገቡ፤ የዛሬ ዓመት ውሃውን ስትለውጡ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

ዕቃ ስትገዙ ስለ ብረቱ ዓይነት ጠይቁ። ብሎኩ መዳብ ወይም ኒኬል የተቀባ መዳብ ከሆነ ራዲያተሩም የመዳብና የናስ ይሁን። አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኝ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ውሃውም በዝቃጭ ይሞላል። አዲስ ራዲያተር ከፋብሪካው የመበየጃ ቅሪት ይዞ ስለሚመጣ ለብ ያለ የተጣራ ውሃ ሞልታችሁ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ፣ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ እጠቡት። ይህን የዘለለ ሰው ቆሻሻውን በኋላ የሚያገኘው በእነዚያ ጠባብ ቦዮች ውስጥ ተወትፎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቱቦ ራሱ መሃሉ ላይ ተቀድዶ ሲያፈስ እምብዛም አይታይም። የሚያፈሰው መጋጠሚያው ነው። በዚህ ሥራ የተለመደው ፊቲንግ ጂ 1/4 የሚባለው መጠን ሲሆን፣ ከቧንቧ ሥራ ልምድ ያለው ሰው ሲያየው እጁ ወደ ቴፍሎን ይሄዳል። እዚህ ቴፍሎን አይጠመጠምም። የዚህ ፊቲንግ ጥርስ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ያለው ስለሆነ በጥርሱ ውሃ አይዘጋም። ውሃውን የሚዘጋው ከአንገቱ ሥር ያለችው፣ ኦሪንግ የምትባለው ጥቁር የጎማ ቀለበት ናት፤ ጥርሱ የሚሠራው እሷን ከብሎኩ ለስላሳ ገጽ ጋር መጫን ብቻ ነው። ቴፍሎን ከገባ ፊቲንጉ በትክክል እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ ብጣሹም ተቆርጦ ውሃው ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ኦሪንጓን ከማሰራችሁ በፊት በጣታችሁ ዳብሱ። ፀጉር፣ አቧራ ወይም የተቆረጠ ቦታ ካለ ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቀዋል። በተጣራ ውሃ ትንሽ አርጥቧት፤ ስትጠብቅ እንዳትጠማዘዝ ይረዳታል። ከዚያ ፊቲንጉን በእጃችሁ አዙሩ። ኦሪንጓ ገጹን ስትነካ እጃችሁ ላይ ለስለስ ያለ መቋቋም ይሰማችኋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ብቻ ጨምራችሁ አቁሙ። በቁልፍ አጥብቆ ማሰር የጥንቃቄ ይመስላል እንጂ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ኦሪንጓ ተጨፍልቃ ትወጣለች፣ ብሎኩ ወይም ማጠራቀሚያው አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። አስራችሁ ስትጨርሱ የስልካችሁን መብራት በጎን አብርታችሁ ተመልከቱ። በደንብ የተቀመጠች ኦሪንግ ዙሪያውን እኩል ትታያለች፤ በአንድ ወገን ያበጠች ከሆነ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። ጠንካራ ቱቦ የምትጠቀሙ ከሆነ የተቆረጠውን ጫፍ ከውስጥም ከውጭም ሞርዱት፤ ስለታም ጫፍ ሲገባ ፊቲንጉ ውስጥ ያለችውን ኦሪንግ እንደ ምላጭ ይልጣታል።

ከዚህ በኋላ የአየር ፈተናው ይመጣል። ጎሚስታ ከመነዳሪ ነፍቶ በውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክርና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ያያል። እኛ ኮምፒውተሩን መንከር ስለማንችል አረፋውን በጌጅ እንተካዋለን። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ የእጅ መንፊያ ከነጌጁ አለ፤ በአንድ ባዶ ቀዳዳ ላይ ታስሮ ሌሎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ በመዝጊያ ይደፈናሉ። መስመሩ ደረቅ መሆን አለበት። የዕቃዎቹ አምራቾች ከዚህ ያነሰ ወሰን ካላስቀመጡ በስተቀር ግፊቱን እስከ 0.5 ባር ድረስ ቀስ እያላችሁ አድርሱትና ተዉት። የመኪና ጎማ መንፊያ ወደዚህ ሥራ አታቅርቡ፤ እሱ የሚሠራው በ2 ባርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ማጠራቀሚያውን በአንድ ትንፋሽ ሊሰነጥቀው ይችላል።

የጌጁን ቀስት ማንበብ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥቂት ዝቅ ቢል አትደንግጡ፦ ለስላሳው ቱቦ ተለጥጦ ቦታውን ይይዛል፣ ሲነፋ የሞቀው አየርም ይቀዘቅዛል። አንዴ ጨምራችሁ ነፍታችሁ ከዚያ ጀምራችሁ ግማሽ ሰዓት ቁጠሩ። ቀስቱ ካልተነቃነቀ መስመሩ ጠብቋል። ዓይናችሁ እያየው የሚወርድ ከሆነ ያልታሰረ ፊቲንግ ወይም የተረሳ መዝጊያ አለ፤ ይህ ቶሎ ይገኛል። የሚያስቸግረው በዝግታ ሳያቋርጥ የሚወርደው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቆንጥጣ የተቀመጠች ኦሪንግ ናት። በግምት ሁሉንም ከማጥበቅ ይልቅ መስመሩን ከመሃል ለሁለት ክፈሉትና እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው ፈትኑ። የሚያፈሰውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉት፤ ሦስት አራት ጊዜ ስትከፍሉት ጥፋተኛው መጋጠሚያ ላይ ትደርሳላችሁ። የክፍሉንም ሙቀት አስቡበት። ማታ ነፍታችሁ ካደራችሁና ክፍሉ በ5 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ምንም ሳያፈስ ጌጁ 0.02 ባር ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ሰዓት የተሠራ የግማሽ ሰዓት ፈተናን ከአዳሩ ይልቅ አምነዋለሁ።

አየሩን ያለፈ መስመር ውሃ ይገባዋል። ለውሃ ማቀዝቀዣ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ካልተገኘ የተጣራ ውሃ ላይ ዝገትና አልጌ የሚከላከል መድኃኒት ይጨመራል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን ስላለበት አይሆንም። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን ደግማችሁ አንብቡ፤ ከጎኑ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጀሪካን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ደረጃ መብራት የሚያገኘው ፓምፑ ብቻ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ግራፊክስ ካርዱ የሚሄዱትን ገመዶች ሁሉ ንቀሉ። ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድ እንዲነሳ ባለ 24 ጥርሱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማስነሻ አለ፤ በሽቦ ከመሞከር እሱን መግዛት ይሻላል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፉ። ማጠራቀሚያውን ሙሉ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አስነሱ፣ ውሃው ሊያልቅ ሲል አጥፉ፣ እንደገና ሙሉ። መስመሩ እስኪሞላ ይህን መደጋገም ነው። ከዚያ ሳጥኑን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዘንብሉት፤ ራዲያተሩ ውስጥ የተደበቀው አየር እየተንቦጫረቀ ሲወጣ ይሰማችኋል።

የአየር ፈተናውን ያለፈ መስመር እንኳ ፓምፑ እየዞረ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ጊዜ ካላችሁ 24 ሰዓት ይቆይ። ሶፍቱን እያነሳችሁ እዩት፤ ጠብታ የነካው ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል። የረጠበው ሶፍት ሁልጊዜ ከጥፋተኛው ሥር ያለው አይደለም፤ ውሃ በቱቦው ገላ ተንሸራቶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሚንጠባጠብ ከጠብታው ወደ ላይ እየተከተላችሁ ፈልጉ። ፈሶ ቢገኝ ፓምፑን አጥፉ፣ ውሃውን በማፍሰሻ ቧንቧው አፍስሱ፣ ካርዱ ላይ የወደቀውን ጥረጉ፤ ባለ ቀለም ፈሳሽ ከሆነ ደረቅ ቅሪት ስለሚተው በአልኮል አጽዱት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ኤሌክትሪክ ያልነካው ሰሌዳ ረጥቦ ከደረቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ይነሳል። የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚለውን ግን መከታ አታድርጉት፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን አቧራና ጨው በቀላቀለበት ቅጽበት ማስተላለፍ ይጀምራል።

ሶፍቱ ደርቆ ከዋለ ገመዶቹን መልሳችሁ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን አስነሱ። የአዲስ አበባ አንባቢዬ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስብ። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ፋን ከራዲያተሩ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። በጸጥታ እንዲሠራ ለሚፈለግ ማሽን ለእያንዳንዱ 100 ዋት አንድ ባለ 120 ሚሊሜትር ራዲያተር ማሰብ የተለመደ መነሻ ነው። ለ600 ዋት ስድስት ባለ 120፣ ማለትም ሁለት ባለ 360 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከተማችን ላይ ቦታ ካለ አንድ መጨመር ተገቢ ነው። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የውሃውን ሙቀት ተከታተሉ። 40 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው፤ ወደ 60 ከተጠጋ ግን ለፓምፑም ለፕላስቲክ ቱቦውም ስለሚያሰጋ አጥፉትና ፋኑን ወይም ፓምፑን መርምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የማጠራቀሚያው ውሃ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ቀሪው አረፋ እየወጣ ስለሆነ ሙሉት። ከዚያ በኋላም መውረዱን ከቀጠለ ሶፍቱን እንደገና አንጥፉ።