የገበያ ቀንና የሠራተኛው ሰዓት

የእህልና የቡና ንግድ ሳምንቱን ሙሉ እኩል አይሄድም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አኖ፣ የገበያ ቀን ሲሆን በቆሎ የጫነው ሁሉ ስለሚገባ ሚዛኑ ከማለዳ እስከ ማምሻ አያርፍም። በማግስቱ ግን ጸሐፊውና ሚዛን ሠራተኛው ደጅ ተቀምጠው ይውላሉ። ሠራተኛውን በሁለቱም ቀን እኩል ሰዓት የሚያቆም ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይከስራል። በአንዱ ቀን ትርፍ ሰዓት ይከፍላል፤ በሌላው ቀን ሥራ ለሌለው ሰዓት ይከፍላል።

መፍትሔው በሕጉ ውስጥ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። ይህ ልክ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው የመጀመሪያ ስምምነት ላይም የሠፈረ ነው። ሆኖም የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱ ቀን ሰዓት አጥሮ ልዩነቱ ለሌሎቹ ቀናት ሊደለደል ይችላል። ገደቡ በአንድ ቀን ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይጨመር ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር 6,240 ብር የሚከፈለው ሚዛን ሠራተኛ አለ እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት በወር 208 ሰዓት ስለሚሆን የአንድ ሰዓት ክፍያው 30 ብር ነው። ቀን ላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 45 ብር ይሆናል። በሳምንት ሁለት የገበያ ቀን ቢኖርና በየቀኑ 10 ሰዓት ቢሠራ፣ በተለመደው አሠራር 4 ትርፍ ሰዓት፣ ማለትም 180 ብር ይጨመራል። ነገር ግን በሁለቱ የገበያ ቀናት 10 ሰዓት፣ በቀሩት አራት ቀናት 7 ሰዓት ቢሠራ ድምሩ ያው 48 ነው። ትርፍ ሰዓት የለም።

ይህ ለነጋዴው ብቻ የሚበጅ ከሆነ ግን አይዘልቅም። ሠራተኛው በአራት ቀን በየዕለቱ አንድ ሰዓት ያገኛል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ይቀበላል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ዕድር ይደርሳል። ስለዚህ ድልድሉ አስቀድሞ ተመካክሮ፣ በጽሑፍ ሆኖ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ማታ ተወስኖ ጠዋት የሚነገር ሰዓት ቤተሰብን ያውካል፤ የሠለጠነ ሠራተኛንም ወደ ጎረቤት መጋዘን ይሸኛል። የደከመ ሚዛን ሠራተኛ አንድ ኩንታል በቆሎ ሳይመዘግብ ቢያሳልፍ የሳምንቱ 180 ብር ቁጠባ እዚያው ይበላል።

የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ነው። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። የወለጋ ቡና የሚለቀመው በአመዛኙ ከኅዳር እስከ ጥር በመሆኑ በዚያን ጊዜ ሰው መልቀቅ ይከብዳል። ክረምት ላይ ግን ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ፈቃዱን በሐምሌና በነሐሴ በተራ መስጠት ለሁለቱም ወገን ይስማማል።

በድርድር የማይነኩ ነገሮችም አሉ። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ግዴታ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። በ1996ቱ አዋጅ 60 ቀን የነበረው ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ አሁን 90 ቀን ነው፤ አባትም 3 ቀን ከነክፍያው ያገኛል።

ነጋዴው የዓመቱን ገበያ በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያደርጋል። የሠራተኛውን ሰዓትና ፈቃድ እዚያው ጎን ቢጽፍ ወጪው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው።