ሽፈራውና የደም ግፊት

በኮንሶ አገር ሽፈራው በየደጁ ይተከላል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ጋሞዎች ሀለኮ ይሉታል። «ደም ግፊት ያወርዳል» እየተባለም ተፈልቶ ይጠጣል። እውነት ነው? በምንስ ይታወቃል?

ደም ግፊት ተንኮለኛ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ አያሳምም። ሰውየው ሲያርስ ይውላል፤ ግፊቱ ግን ውስጥ ውስጡን ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን ደም ሥር ይጎዳል። አንድ ቀን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል። ስለዚህ «ጠጥቼ ቀለለኝ» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ድሮስ ምን ከብዶት ነበር? ምስክሩ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግፊቱ ከፍተኛ ነው ይባላል።

ታዲያ ቁጥሩ በራሱም ይወጣል፣ ይወርዳል። ዳገት ወጥቶ የመጣ ወይም የተናደደ ሰው ግፊቱ ይጨምራል። ቁጭ ብሎ ሲያርፍ ይቀንስለታል። በዚህ መሐል ቅጠል ቢጠጣ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል!

ለዚህ ነው መርማሪዎች ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት የሚከፍሉት። ግማሹ ቅጠሉን፣ ግማሹ መልኩና ጣዕሙ የሚመስል ሌላ ነገር ይወስዳል። ማን የቱን እንደወሰደ የሚለካው ሰው አያውቅም። ካወቀ ዓይኑ ያደላል። ለሳምንታት ከተለካ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ይነጻጸራሉ።

የአገራችን ተመራማሪዎች ከሽፈራው ቅጠል የተጨመቀውን በአይጦች ላይ ሞክረው ግፊት ሲቀንስ አይተዋል። አይጥ ግን ሰው አይደለም።

በሕንድ ራውዎልፊያ የሚባል ተክል አለ። ሥሩን የባህል ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ይሰጡ ነበር። ዶክተር ሩስቶም ቫኪል ለሕመምተኞች ሰጥተው ግፊታቸውን እየለኩ ያዩትን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ1952 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ከሥሩ ሬዘርፒን የተባለው መድኃኒት ተለየ። ግፊትን በእውነት ያወርዳል። ነገር ግን በብዛት ከወሰዱት መካከል አንዳንዶቹን ከባድ ድብርት ያዛቸው። ይህም የታወቀው በክትትል ነው።

ሽፈራውን እንደ ጎመን መብላት መልካም ነው። ክኒን የታዘዘለት ሰው ግን ክኒኑን ጥሎ ቅጠሉን አይያዝ። ቅጠሉን የሚጠጣ ከሆነም ለጤና ሠራተኛው ይንገር፤ ሁለቱ ተደርበው ግፊቱን ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችሁ ለደም ግፊት የሚጠጣ ምን ቅጠል አለ? ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ የተለካ ሰውስ ታውቃላችሁ?